ብስክሌቱ ድምፅ አለው

ቆጣሪ አንባቢው ፍቅር የያዘው አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በብስክሌት ካቴና የተነሳ ሲቆጡት ነው።

ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። የደረሰው ክፍል ደግሞ ከከተማው ሽቅብ ወጥቶ ዳገት ላይ የተንጠላጠለው ሰፈር ነው። መንገዱ ኮረትና አሸዋ ስለሆነ መኪና ጀምሮ ይተወዋል፤ እሱ ግን በተራራ ብስክሌቱ ይወጣዋል። ከቤት ቤት እየዞረ የቆጣሪውን ክዳን ይከፍታል፣ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቁጥር ገምቶ ጽፎ አያውቅም። በር የሚከፍትለት ቢያጣ ተመልሶ ይመጣል እንጂ «ባለፈው ወር ይህን ያህል ነበር፤ አሁንም ከዚያ አያልፍም» ብሎ አይሞላም። ባልደረቦቹ ሞኝ ነው ይሉታል። ይህን ማንሳቴ በከንቱ አይደለም፤ በኋላ የሠራውን ስትሰሙ ልማዱ ነው እንዳትሉት ብዬ ነው።

ያን ቅዳሜ ከዳገቱ ግርጌ ወዳለው የብስክሌት ጥገና ቤት መጣ። በሩ ላይ አንድ አዛውንት በዝቅተኛ ወንበር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጋሼ፣ ካቴናው እየዘለለ አስቸገረኝ።»

አዛውንቱ በአገጫቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙት። «ለልጄ ንገራት። እኔ ዓይኔ ከከዳኝ ሦስት ዓመቴ ነው።»

ልጅቷ ከተሰቀለ ብስክሌት ሥር ብቅ አለች። ፀጉሯን ያሰረችው ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጥብጣብ ነው። ብስክሌቱን ተቀብላ ፔዳሉን አንዴ አዞረችና ቀና ብላ አየችው።

«ይህን ካቴና ማን ነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ።»

«አዲስ ካቴና፣ በአሮጌ ጥርስ ላይ?»

«ያለቀው ካቴናው ነው ብዬ...»

«ካቴናና ጥርስ አብረው ነው የሚያልቁት፣ ወንድሜ። ካቴናው በተለጠጠ ቁጥር ጥርሱም በሱ ልክ ይበላል። ይህን ያህል ዘመን አብረው አርጅተው፣ አንዱን ነጥለህ ጥለህ እንግዳ ታመጣበታለህ? አልያዝ ቢለው ምን ይገርማል?»

ከዚያ ያላሰበውን አደረገች። ጣቱን ይዛ ከኋላው ጎማ ጎን ካሉት ጥርሶች አንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ጥርሱ በአንድ ጎኑ ተበልቶ እንደ እሾህ ሾሏል።

«ታወቀህ?»

«ታወቀኝ» አለ። የታወቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። የጣቷ ግራሶ እጁ ላይ ቀርቶ፣ እስከ ማታ ድረስ ሳሙና ቤት ውስጥ የሌለ ይመስል ሳይታጠበው ዋለ።

መካኒኳ ሁለት ነገር ነበራት፤ ማንም የማያስጥላት።

አንደኛው፣ የጠገነችውን ብስክሌት ራሷ ሳትሞክር አታስረክብም። ከጥገና ቤቱ ጓሮ እስከ ታችኛው አጥር የሚወርድ ድንጋያማ ቁልቁለት አለ። በዚያ ትወርዳለች፣ እየገፋች ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ነው «ውሰድ» የምትለው።

ሁለተኛው፣ አንድ ቡሎን አጥብቃ ስትጨርስ ከደረት ኪሷ ትንሽ ጠርሙስ ቀይ የጥፍር ቀለም ታወጣና፣ ከቡሎኑ ራስ ጀምራ እስከ ብረቱ ድረስ እንደ ክር የቀጠነች መስመር ትስላለች።

«ለጌጥ ነው?» ብሎ ጠየቃት ቆጣሪ አንባቢው።

«ለምስክር ነው። ቡሎኑ ከዞረ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥ ብሎ ካየኸው እኔ እንዳጠበቅሁት አለ ማለት ነው።»

«ጥፍሯን አንድ ቀን ቀብታ አታውቅም» አሉ አባቷ ከበሩ። «ቡሎን ነው የምትድረው።»

እሷም ሳቀች፤ ግን ነገሩ ለምን እንደተጀመረ ነገረችው። አባቷ ዓይናቸው ደክሞ መፍቻውን ሲያስረክቧት፣ አንዳንድ ደንበኛ እሷ ያጠበቀችውን እፊቷ መልሶ ያጠብቅ ነበር። ቀዩ መስመር ከመጣ ወዲህ ግን የሚነካው የለም። አንዱም ቡሎን እስከ ዛሬ ዞሮ አልተገኘም።

«ጎረቤት ያለው መስታወት ነጋዴ ይህን ቤት ከኔ ጋር ልቀላቅለው እያለ አባዬን ከጠየቀው ቆይቷል» አለችው ሌላ ጊዜ። «አባዬ ምን እንዳለው ታውቃለህ? ‹የልጄ እጅ እስካለ ድረስ ቤቱ አይሸጥም› አለው።»

እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። እሱም አያቸው፤ ከሷም ይልቅ ረዘም አድርጎ።

ካቴናው ከነጥርሱ ተቀየረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ብረትን ሲፍቅ መጣ። ከዚያ ጎማዎቹ፤ ሁለቱም መላጣ ሆነው ነበር። ከዚያ የፊት ሞላው፣ ዘይቱን እያነባ። ከዚያ የፔዳሉ ኩሽኔታ፣ ሲዞር አሸዋ የሚያኝክ እየመሰለ። ይህ ሁሉ እውነተኛ ብልሽት ነው፤ አንዱንም አልፈጠረም። እሷም ያለቀውን አውጥታ ያንኑ ዓይነት አትመልስም። «ለዚህ ዳገት ይህ አይበቃህም» ትልና ከኋላ ሰፋ ያለ ጥርስ፣ ከፊት ጠንከር ያለ ሞላ ታስገባለታለች። ዳገቱም በየሳምንቱ እየለሰለሰለት ሄደ።

ልብስ ሰፊ እህቱ አብራው ትኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዙን ሲተኩስ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ትላለች።

«ብስክሌት ሊያሠራ የሚሄድ ሰው ሸሚዝ ይተኩሳል እንዴ?»

«ምን አለበት፣ እትዬ?»

«ምንም የለበትም። ብስክሌቱ ነው ወይስ አንተ ነህ የምትታደሰው ብዬ ነው።»

እሱ ኮሌታውን ይተኩሳል። ጥገና ቤቱም ሲደርስ ብዙ አያወራም፤ መብራት ይይዝላታል፣ ቡሎን ያቀብላታል። አንዳንዴ የምትፈልገውን መፍቻ ሳትጠይቀው ያቀብላትና፣ ትንሽ ቆም ብላ ታየዋለች።

በዘጠነኛው ቅዳሜ መሪው ተቀየረ። ሰፊ መሪ፣ ከነአንገቱ፤ አንገት የሚሉት መሪውን ከፊት ጎማው ጋር የሚያያይዘውን ብረት ነው። ሁለቱን ቡሎኖች አጠበቀች፣ ቀይ መስመሯን አሰመረች፣ ቁልቁለቱን ወርዳ ተመለሰች።

«ይኸው» አለች። «ከአካሉ በቀር የድሮ የሚባል አልቀረውም። እስከሚመጣው ዓመት አታየኝም።»

ይህን ስትል ጨርቅ አንስታ፣ የተጠረገውን መሪ እንደገና ትጠርግ ነበር። ቆጣሪ አንባቢው «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። በደብዛዛ መስታወት ውስጥ ስድስት አሃዝ አጥርቶ የሚያነብ ሰው፣ ያቺን ጨርቅ ማንበብ አቃተው።

ሳምንቱ አልገፋ አለው። ብስክሌቱ ጸጥ ብሏል። ዳገት ቢወጣ፣ ድንጋይ ላይ ቢዘል፣ አንድ ነገር አይንቋቋም። በሕይወቱ ብስክሌት አልበላሽ ብሎት ያዘነው ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ መፍቻ አምጥቶ የመሪውን አንገት ሁለት ቡሎኖች ላላ አደረጋቸው። ብዙ አይደለም፤ መሪው ሲነካ ሲጥ እስኪል ብቻ። ቀይ መስመሮቹ ለሁለት ሲከፈሉ አይቷል። መንገዱ ነው ያላላው እላለሁ ብሎ አሰበ። ያ ቃል በእጇ ላይ ምን እንደሚፈርድ አላሰበም። የፈለገው አንድ ሰዓት መብራት መያዝ ነው። ሊጎዳት አይደለም፤ ሊያያት ነው።

ብስክሌቱን አልተቀመጠበትም። እየገፋ ወሰደው።

መካኒኳ ከሩቅ ስታየው ፊቷ በራ። መፍቻዋን ጥላ ወደ በሩ መጣች።

«ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ድምፅ አለው።»

«ድምፅ? የኔ ሥራ? እስቲ ልስማው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ ትሰቅለዋለች፣ አንድ በአንድ ትነካካዋለች። ያን ቀን ግን ደስ ብሏታል፤ ደግሞም በገዛ እጇ ያጠበቀችው ነው። ከእጁ ተቀብላ ወጣችበትና ወደ ጓሮው ነዳችው።

ከበሩ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ቆጣሪ አንባቢው ሃያ እርምጃ ያህል ጊዜ ነበረው። አፉን ከፈተ። «ቁሚ» ቢላት «ለምን?» ትለዋለች፤ ለምን የሚለውን ደግሞ ሊናገር አልቻለም። «ቆይ» አለ፣ ራሱ እንኳ በቅጡ ባልሰማው ድምፅ። እሷ ወርዳለች።

መጀመሪያ ያለው ድንጋይ ላይ መሪው ወደ ግራ ዞረ፤ ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች።

የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ነበር። መስታወት ነጋዴው በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሳት። አባቷ በሩን ለመዝጋት ቁልፍ እየዳበሱ ሲፈልጉ «ብስክሌትህን ውሰድ፣ ልጄ፤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር» አሉት። ልጄ ያሉት እሱን ነው። እየገፋ ወደ ቤቱ ወሰደው።

በማግስቱ ሊጠይቃት ሐኪም ቤት ሄደ። እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ ተጠቅልሏል። ፊቷ ከሕመሙ ይልቅ በሌላ ነገር ገርጥቶ ነበር።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው። «አንገቱ ላይ ያሉት ሁለቱ ቡሎኖች፣ ቀያቸው አለ?»

«አላየሁም» አለ።

አላየሁም ማለት የለም ማለት አይደለም። እሷ ግን የለም አድርጋ ሰማችው፤ እሱም አላረማትም።

«ከሌለማ ረስቼዋለሁ» አለች ጣሪያውን እያየች። «ሳላጠብቅ ነው የሰጠሁህ። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ዳገት ላይ... አንተ ብትወድቅበትስ ኖሮ? ገደል ጥግ እኮ ነው የምትሄደው። ሌሊቱን ሙሉ የምትወድቀው አንተ ሆነህ እየታየኝ ነው ያደርኩት።»

ሊይዝ የሚችለው ግራ እጇን ነበር። አልያዘውም። የሚገባው አልመሰለውም።

ከሐኪም ቤት ስትወጣ ለአባቷ ቁርጡን ነገረቻቸው። እጇ ቢድንም ከእንግዲህ የሰው ብስክሌት ላይ አታሳርፈውም። አባቷ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ዝም አሉ። በመጨረሻ ቆጣሪ አንባቢውን በር ላይ ሲያገኙት «መስታወት ነጋዴው ሰኞ መጥቶ ቤቱን ሊለካ ነው» አሉት። «እኔ በማያይ ዓይን ምን ልጠግን? እሷ ደግሞ እጄን አላምነውም አለች። አርባ ዓመት የሠራሁበት ነው። ግን ይሁን፤ ለሷ ስል ነበር ያቆየሁት።»

ብስክሌቱ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ቡሎኖቹ እንደ ላሉ ናቸው፤ ግማሽዋ ቀይ መስመር ቡሎኑ ራስ ላይ፣ ግማሽዋ ብረቱ ላይ፣ እርስ በርስ ፊት ተነፋፍገው። አንድ ጠዋት ጥፍሩን ቀለሟ ላይ አሳረፈ። ፋቅ ቢያደርጋት ትወጣለች፤ ማንም ምንም አያውቅም። እሷም ከጊዜ በኋላ ልትወደው ትችላለች፣ ምናልባትም ልታገባው። ጥፍሩ እዚያው ብዙ ቆየ። አልፋቃትም፤ ሊናገርም ግን አልደፈረም።

አርብ ዕለት ዳገቱን በእግሩ እየወጣ ሲሠራ አንድ ቆጣሪ ጭቃ ገብቶበት ቁጥሩ አልታይ አለው። ባለቤትየዋ አሮጊት ናቸው፤ አዘኑለት።

«በእግርህ ስትለፋ ውለህ... ያለፈውን ወር ጻፍና ሂድ፣ ልጄ። ማን ያይሃል?»

«አይሆንም፣ እማማ» አለና ውሃ ለምኖ፣ ተንበርክኮ፣ በመሀረቡ ይፈትገው ጀመር። ግማሽ ሰዓት ፈተገ። ቁጥሩ ብቅ ሲል ግን ሊጽፈው አልቻለም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አላሳይ አለው። ለአንድ ቆጣሪ እንዲህ ይጠነቀቃል። ለሷ ግን «አላየሁም» አላት።

ያን ቀን ከሰዓት ለእህቱ ነገራት። እሷ ስፌቷን አላቆመችም፤ ክሩ እስኪያልቅ ሰፍታ ነው ቀና ያለችው።

«እንግዲህ ብነግራት አጣታለሁ እያልክ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሷ እጇን፣ ሥራዋን፣ የአባቷን ቤት ነው የምታጣው። አንተ የምታጣው እሷን ብቻ ነው።» መቀሱን አነሳች። «ደግሞስ ዝም ብለህ ብታገባት፣ ምኗን ነው ያገባኸው? እጇን እኮ አንተው ወስደህባታል።»

እሑድ ጠዋት ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። ጥገና ቤቱ ክፍት ነው፤ አባቷ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ በግራ እጇ ዕቃ በየካርቶኑ ትከታለች። ሲገባ አይታ ፈገግ ልትል ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ምን ሆነሃል?»

ብስክሌቱን ሰቀለው። «የመሪውን አንገት እዪው።»

ጎንበስ አለች። ቆየች። በግራ እጇ ጣት አንዱን ቡሎን ነካችው፣ ከዚያ ሌላውን።

«አለ» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አባዬ፣ ቀዩ አለ። አጥብቄው ነበር። አልረሳሁም፣ አባዬ።»

አባቷ ተነስተው እየዳበሱ መጡ። አውራ ጣታቸውን ቡሎኑ ላይ አሳረፉ፤ ቀለም በጣት አይታይም፣ ግን ነኩት። «አለ?»

«አለ፣ አባዬ።»

አለቀሰች። ደስታ ነው፤ የጠፋባት የገዛ እጇ የተመለሰላት ሰው ለቅሶ ነው። ቆጣሪ አንባቢው ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ቆሞ ጠበቀ። ብዙም አልቆየም።

«ታዲያ ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ።»

እሷ ጣቷን ከቡሎኑ ላይ አነሳች።

«ያን ዕለት ጠዋት፣ ቤቴ። ድምፅ እንዲያሰማ ብዬ ነው። የሚበላሽ ነገር አልቆብኝ ነበር፤ አንቺን የማይበት ምክንያት አጣሁ። እወድሻለሁ። ይህንን ለመናገር አሁን አይደለም ሰዓቱ፤ ግን ጥፋቴን ብቻ ነግሬሽ ምክንያቱን ልደብቅሽ አልፈልግም።»

«እየገፋህ ነበር የመጣኸው» አለች ቀስ ብላ። «አዲስ የሠራሁት ብስክሌት ለምን ይገፋል ብዬ ነበር። አንተ አልወጣህበትም። እኔ ስወጣበት ግን ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

«ሐኪም ቤትም ጠየቅሁህ።»

«አዎ።»

ፊቷን አዞረች። «ብስክሌቱን ተወው። አንተ ሂድ።»

በአባቷ አጠገብ ሲያልፍ አላዩትም። «የቆጣሪ ቁጥር አልገምትም እያልክ ታወራኝ ነበር» ብቻ አሉት። በዚያ ሳምንት ከሰማው ሁሉ ያ ነው አንጀቱን የቆረጠው።

ሰኞ መስታወት ነጋዴው ሜትሩን ይዞ መጥቶ፣ ሜትሩን ሳይዘረጋ ተመለሰ። ይህን ቆጣሪ አንባቢው ከሰው ሰማ። ደስ አለው፤ ለማንም ሳይናገር ዳገቱን በእግሩ ወጣበት።

ሁለት ሳምንት ምንም ወሬ አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት አባቷ ደወሉ። ድምፃቸው ኮስተር ብሏል።

«ቅዳሜ ጠዋት ና ትላለች። የተተኮሰ ሸሚዝ ሳይሆን የሥራ ልብስ ልበስ ትላለች።»

ሄደ። ጥገና ቤቱ ሳይሠሩ በቆዩ ብስክሌቶች ተሞልቷል። እሷ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታውን ራሷን ነቅንቃ ብቻ ተቀበለች።

«ቀኝ እጄን ወስደሃል» አለችው። «ጀሶው እስኪወጣ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀኝ እጄ አንተ ነህ። ይቅር አልኩህ ማለት አይደለም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ከዚያ አረንጓዴው ጀምር።»

እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይሠራል። ያለቀ ካቴና ከነጥርሱ አወጣ፣ የፍሬን ሸራ ቀየረ፣ ኩሽኔታ በግራሶ አጠበ። ሲያጠብቅ በጣም ካጠበቀ ትቆጣዋለች፣ ካላላ ትቆጣዋለች። እያንዳንዱን ቡሎን በግራ እጇ መፍቻ ይዛ ራሷ ትፈትነዋለች፤ ቀዩን መስመር የምታሰምረውም እሷ ናት፣ በግራ እጇ እየተጣመመባት። ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አትጨምርም። እሱም አይለምናትም። የራሱ ብስክሌት ጥግ ላይ ቆሞ ያየዋል።

በአራተኛው ቅዳሜ፣ እሱ ጎማ ሲነፋ፣ ድንገት ጠየቀችው።

«ለምን ዝም ብለህ አልመጣህም? ያለ ምክንያት?»

መንፋቱን አቆመ። «ያለ ምክንያት መምጣት አልቻልኩበትም። ቤት ሁሉ የምገባው ቆጣሪ ላነብ ነው። ሰው በር ሲከፍትልኝ ቆጣሪው የት እንዳለ ነው የሚያሳየኝ።»

እሷ በግራ እጇ የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች።

«አንድ ቀን ብቻ ‹መጣሁ› ብትለኝ ምን እልህ ነበር መሰለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለች። የምትለውን ግን አልነገረችውም። «ንፋ፤ ገና ነው ጎማው።»

አባቷ ከበሩ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ነው እንጂ የደከመው፣ ጆሯቸው ደህና ነው።

ጀሶው የወጣ ዕለት የራሱን ብስክሌት አሰቀለችው። «ፍታው» አለች። «ሁሉንም።» እስከ እኩለ ቀን ፈታው፤ እስከ አስር ሰዓት መልሶ ገጠመው። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ አድርግ አላለችውም። የመጨረሻዎቹ የመሪው አንገት ሁለት ቡሎኖች ነበሩ። አጠበቃቸው። መፍቻውን አቀበላት፤ እንድትፈትነው ነው። አልተቀበለችውም። በምትኩ ከደረት ኪሷ ትንሿን ጠርሙስ አውጥታ ሰጠችው።

«አንተ አስምር።»

መስመሩ ወፈረበት። እሷ ጎንበስ ብላ አየችው። «የቤት ቀለም ቀቢ ነው የሚመስለው» አለችና ብስክሌቱን ከማንጠልጠያው አወረደችው።

«ልጄ፣ እጅሽ ገና ነው» አሉ አባቷ።

«ደህና ነው፣ አባዬ።»

ቀኝ እጇ ከጀሶው ቀጥኖና ነጥቶ ነው የወጣው። መሪውን ያዘችበት። ቡሎኑን ሳትነካው ወጣችበት። ቆጣሪ አንባቢው ሃያውን እርምጃ ከኋላዋ አብሯት ሄደ፤ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ግን ቆመ፣ እሷ ወረደች። ጎማው ድንጋዩን ሲመታ ሰማ። ሁለተኛውን ሰማ። ከዚያ ምንም አልሰማም።

ከታች እየገፋች ስትመለስ ታየች። ፊቷ ኮስተር ብሏል። አጠገቡ ደርሳ ቆመች።

«ድምፅ አለው» አለች።

ተንበርክኮ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ነካቸው፤ አንገቱን፣ ፍሬኑን፣ ፔዳሉን፣ የፊት ጎማውን። መስመሩ ሁሉ ቀጥ ብሏል። መሪውን ወዘወዘው። አንድም ነገር አይንቀሳቀስም።

«ምንም የለውም እኮ።»

«አለው አልኩህ።»

«የት ጋ?»

«እኔ እንጃ» አለች። ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ እየታገላት ነበር። «በሚመጣው ቅዳሜ ይዘኸው ና፤ እናየዋለን።»

ያኔ ነው የገባው። ተንበርክኮ እንዳለ ቀና ብሎ አያት።

በሚመጣው ቅዳሜ ቆጣሪ አንባቢው ወደ ጥገና ቤቱ በእግሩ ሄደ። አዛውንቱ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ኮቴውን ሰምተው ቀና አሉ፤ የጎማ ድምፅ አልሰሙም።

«ብስክሌቱስ? ምን ተበላሸብህ ዛሬ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ውስጥ፣ ከተሰቀለው ብስክሌት ሥር፣ መፍቻው መሥራቱን አቆመ።

«መጣሁ» አለ።